ምስሉ የሚቆምባቸው አራት ቦታዎች

ውድ ታናሽ እህቴ፤

በስልክ ልጽፍልሽ አስቤ ተውኩት። አውቅሻለሁ፤ ሁለተኛው መስመር ላይ ሳልደርስ «ቆይ፣ ምን ማለትሽ ነው?» ብለሽ ትልኪና ወሬዬን ታበላሺብኛለሽ። የወረቀት ደግነቱ መሃል የሚገባበት የለም። እስከ መጨረሻው ሳታነቢ እንዳትቆጪ አደራ። ከጨረስሽ በኋላ የፈለግሽውን ያህል ተቆጪ፤ ያኔ ሐቅሽ ነው።

ከሦስት ሳምንት በፊት የላክሽልኝን መልእክት በቃሌ ይዤዋለሁ። «የሙከራ ጊዜዬ በወሩ መጨረሻ ያልቃል። የቆዳ ቆራጮቹ ኃላፊ ሁኚ፣ ቋሚ ውል ፈርሚ ብለውኛል። አልፈርምም፤ ወደ ቤት እመለሳለሁ። አባባ ተቀይመውኛል። ጠዋት በፋብሪካው ሰርቪስ ስሄድ ስደውልላቸው ያዩኛል፣ እጃቸውን ያነሣሉ፣ ከዚያ ድርቅ ብለው ይቀራሉ።» ይኼው ነበር። ወይ አንቺ! ጫማ ፋብሪካው ደጃፍ ስንት ጊዜ ተመላልሰሽ ያገኘሽውን ሥራ፣ እንደ ዓይንሽ ብሌን የምትወጂውን ሥራ፣ በአንድ ኩርፊያ ልትጥዪው!

የዚያኑ ዕለት አባባ ጋ ሄድኩ። አናጢ ቤታቸው ውስጥ የመስኮት ክፈፍ እየላጉ ነበር። «ልጅቷን ተቀይመዋታል እንዴ?» አልኳቸው። መላጊያውን እንኳ አላስቀመጡም። «እኔ ነኝ የተቀየምኳት? እሷ ናት እንጂ! አንድ ነገር ልነግራት ስጀምር ፊቷ ቀጥ ይላል፤ አትስቅ፣ አትቆጣ፣ እጇ አይላወስ። ከግድግዳ ጋር እኮ ነው የማወራው! ትልቅ ቦታ ስትደርስ ሽማግሌ ሰለቻት።»

አየሽ? አንቺ እሳቸው ተቀየሙ ትያለሽ፣ እሳቸው አንቺ ተቀየምሽ ይላሉ። ለሁለታችሁም «ኧረ ኔትወርክ ነው!» አልኩ። ማን ሰምቶኝ! አንቺማ ጭራሽ ጻፍሽልኝ፦ «ምን ዓይነት ኔትወርክ ነው ከእኔ ጋር ብቻ የሚጣላው? አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ በዚያው ሰርቪስ፣ በዚያው አፕ፣ ከእጮኛዋ ጋር እየሳቀች ነው የምትሄደው።»

ይቺ አረፍተ ነገርሽ እንቅልፍ ነሣችኝ። እውነትም ለምን? አንድ መኪና፣ አንድ መንገድ፣ አንድ አፕ። እሷ ስትስቅ አንቺ ለምን ትቆሚያለሽ? ደግሞ አፑን የሚሠሩት የእኔ መሥሪያ ቤት ሰዎች ናቸው። እኔ ራሴ ደመወዝ የሚከፈለኝ በሚሄድ መኪና ውስጥ ያለ ስልክ ምስሉ እንዳይቆራረጥ ለማድረግ ነው። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ።

ሥራሽ ምንድን ነው ስትይኝ ሁሌ «ኮምፒውተር ነገር» ብዬ አልፍሻለሁ፤ ዛሬ በደንብ ልንገርሽ። ቤቱ ቁጭ ብሎ የሚደውል ሰው ኔትወርኩ ብዙም አይለዋወጥበትም። በመኪና የሚሄድ ሰው ግን ከአንዱ አንቴና ወደ ሌላው ሲሻገር፣ ሕንፃ ሲከልለው፣ ዳገት ሲጋርደው፣ የሚያልፍለት ነገር በየደቂቃው ይሰፋል ይጠባል። አፑ በየሰከንዱ «አሁን ስንት ያልፋል?» ብሎ ይለካና እንደ ልኩ ይልካል። ፊልም ቢሆን መንገዱ ሲሰፋ ቀድሞ ያከማቻል፤ ገና ያልተወራ ወሬ ግን ከየት ይከማቻል? ስለዚህ ሲጠብ የግድ አንድ ነገር ይቀነሳል። አንቺ ቆዳው ሲያንስብሽ ከየት በኩል ልቀንስ እንደምትዪው ነው። የእኛም ጭቅጭቅ ከሞላ ጎደል ይኼው ነው፤ ምን ይቅር፣ ምን ይትረፍ።

አሁን ሳትቆጪ አንብቢ ያልኩሽ ቦታ ላይ ደርሰናል። ከአለቃዬ የሦስት ቀን ፈቃድ ጠየቅሁና ያለሽበት ከተማ መጣሁ። አዎ፣ መጣሁ። አልነገርኩሽም። ብነግርሽ «ተዪው፣ ቆርጫለሁ» ትዪኝና ነገሩ ያልቅ ነበር። የፋብሪካው ሰርቪስ ሠራተኛ ያልሆነ ስለማያሳፍር፣ በዚያው መንገድ የሚሄደውን የሕዝብ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ስልኬን አንቺ እንደምታደርጊው ከፊት ለፊቴ ባለው ወንበር ጀርባ በላስቲክ አሰርኩት። አባባ ደግሞ የእሳቸውን ስልክ በሙጫ ጣሳ አስደግፈው፣ መነጽራቸውን አጥልቀው፣ ለፎቶ እንደተዘጋጀ ሰው ቁጭ አሉ። መንገዱን እስከ ፋብሪካው በእጅ እያወራን ልንሄድ ነው።

ማስታወሻ ደብተሬ ላይ አራት ቦታ ምልክት አደረግሁ። ከነዳጅ ማደያው አልፎ ያለው ድልድይ አንድ። በቆርቆሮ የተሠሩት ረጃጅም መጋዘኖች ሁለት። ኮረብታው ለሁለት ተቆርጦ መንገድ የሄደበት ሦስት። አራተኛው ገረመኝ፤ ከፋብሪካው በር ሁለት መቶ ሜትር ላይ ሜዳ ነው፣ አንቴናውም እዚያው ተገትሯል፣ ግን ይቆማል። ምን ሆኖ ነው ብዬ ወርጄ ስመለከት፣ በዚያች ሰዓት ሁሉም ፋብሪካ ሠራተኛውን ያስገባል። ሺህ ሰው ከየሰርቪሱ እየወረደ በአንድ ጊዜ ስልኩን ያወጣል፤ አንዱን አንቴና ሺህ ሆነው ይካፈሉታል። እንዲህ ያለ ነገር ሳገኝ እንዴት ደስ እንደሚለኝ ታውቂያለሽ፤ የመጣሁበትን ጉዳይ ረስቼ ብቻዬን ስቄያለሁ።

ያስደነገጠኝ የመጣው ከአባባ ነው። ኮረብታው ውስጥ ምስሉ ድርቅ ካለ በኋላ፣ ስንወጣ ተመልሶ ሲመጣ እየሳቁ አገኘኋቸው። በአፋቸው «ሹፌራችሁ ባለጌ ነው!» አሉኝ። «እንዴት አወቁ?» ብላቸው «እሰማዋለኋ! የጭነት መኪናውን ሹፌር ሲሳደብ አንድም አላመለጠኝ። የመኪናችሁ ማርሽም ያቃስታል። ድምፁማ ኩልል ብሎ ነው የሚመጣው፣ የጠፋብኝ ያንቺ እጅ ነው።»

ኩልል ብሎ! ኔትወርክ ጠፍቶ አልነበረም ማለት ነው። ስልኬ ውስጥ ያለውን መዝገብ ከፍቼ አየሁት። በአራቱም ቦታ የኔትወርኩ መንገድ ይጠባል እንጂ አይዘጋም። አፑ በዚያች ጠባብ መንገድ የሞተር ጩኸትና ስድብ በጥንቃቄ ሲያሳልፍ፣ እጅሽን ደጅ አስቀርቶታል። አጠገብሽ ያለችው ልጅ የምትስቀውም ለዚሁ ነው። የእጮኛዋ ፊት ቢደርቅ ምን ገዷት፣ ድምፁ አለላት።

ይህን ያዘዘው ማን ነው ብዬ በመመለሻው አውቶቡስ ላፕቶፔን ከፍቼ የአፑን ኮድ ፈለግሁ። ከአራት ዓመት በፊት የተጻፈች አንዲት መስመር አገኘሁ፦ መንገዱ ከዚህ በታች ከጠበበ ምስሉን አቁም፣ ድምፁን አድን። ከሥሯ ምክንያቱ በማስታወሻ ተጽፏል፦ «ያለ ድምፅ ንግግር የለም።» ከጎኑ የጻፈው ሰው ስም አለ።

የእኔ ስም ነው።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዕድ ነው ሲሉ ለካ እውነት ነው። እኔ! ፊደል ከመቁጠሬ በፊት እጄ «ነይ» ማለት የለመደው ካንቺ ነው። አሥራ ስምንት ዓመት አንድ ክፍል ውስጥ፣ ትይዩ በተዘረጉ ሁለት አልጋዎች ላይ፣ በእጅ ስናወራ ያደግሁ ሰው ነኝ። ቢሮ ገብቼ ወንበር ላይ ስቀመጥ ያለ ድምፅ ንግግር የለም ብዬ ጻፍኩ። ያን ቀን ስብሰባ ላይ ተከራክሬ ማሸነፌን፣ ማታ ቤት መጥቼ በእጄ «ዛሬ አሸነፍኩ!» ብዬ የፎከርኩትም ላንቺው መሆኑን አስታወስኩ። አንቺም ጨብጠሽኝ ነበር፣ የምን ድል እንደሆነ ሳታውቂ። አፈርኩ እህቴ። አውቶቡሱ ውስጥ ብቻዬን ቀላሁ።

በማግስቱ ጠዋት አየሁሽ። ከመንገዱ ማዶ መድኃኒት ቤቱ ጋ ቆሜ ነበር። ሰርቪሱ ሲቆም ከሰልፉ መጨረሻ ነበርሽ፤ ቡናማውን ጃኬትሽን ለብሰሻል፣ ከስተሻልም። በመስኮት በኩል ስልኩን በላስቲክ ስታስሪው አየሁ። መኪናው ገና ሳይነሣ ፈታሽውና ቦርሳሽ ውስጥ ከተትሽው። ሳትሞክሪው! አንጀቴን በላሽው። ሮጬ መስኮቱን ላንኳኳ ነበር፤ ምን ብዬ? «ያቆምኩሽ እኔ ነኝ» ልበልሽ? ሰርቪሱ ሄደ፣ እኔም አውቶቡሴን ያዝኩ።

ከሹፌሩ ኋላ ተቀመጥኩ። ትናንት የተሳደቡት ናቸው፤ ሲቀርቧቸው ግን ደግ ሰው ናቸው። በመስታወታቸው ለአባባ በእጄ ሳወራ ሲያዩኝ ቆዩና «ይቅርታ እህቴ፣ ከማን ጋር ነው እንዲህ የምትጣዪው?» አሉኝ። «እየተጣላሁ አይደለም ጋሼ፣ እያወራሁ ነው» ብዬ ነገሩን ሁሉ ዘረገፍኩላቸው። አፑ ኔትወርኩ መጥበቡን የሚያውቀው ከጠበበ በኋላ ነው፤ ለክቶ እስኪያስተካክል ምስሉ ተሰብሯል፤ አስተካከልኩ ሲል ደግሞ መኪናው አልፎታል፣ እንደገና ሀ ብሎ ይጀምራል አልኳቸው። ሳቁ። «ታዲያ ምን ያስገርማል? እኔም ጉድጓዱ ውስጥ ከገባሁ በኋላ ፍሬን ብይዝ ተሳፋሪው ጣራውን በጭንቅላቱ ይበሳዋል። የማበርደው ከመድረሴ በፊት ነው። ለምን? መንገዱን አውቀዋለኋ! በየቀኑ የሚመላለስ ስልክ መንገዱን ካላወቀ ምን ስልክ ነው?»

በሞቴ፣ ስድስት ዓመት የተማርኩት ትምህርት ይቺን አላስተማረኝም። ያን ቀን ከሰዓት በተከራየሁት ክፍል ጠረጴዛ ላይ ሁለት ነገር ቀየርኩ፤ ለጊዜው በእኔና በአባባ ስልክ ላይ ብቻ። አንደኛው፣ ስልኩ በየቀኑ የሚሄድበትን መንገድ እንዲያስታውስና ጠባቧ ቦታ ሳይደርስ ቀድሞ እንዲቀንስ። ሁለተኛው፣ ሲጠብ መጀመሪያ ድምፁ እንዲቀር።

ሦስተኛው ቀን ላይ ሞከርነው። መጀመሪያ አልሆነም፤ የተሳሳትኩትም እኔው ነኝ። እጅ የሚነበብ ከሆነ ጥርት ማለት አለበት ብዬ አስቤ፣ በጠባቧ ቦታ ጥራቱ እንዳይቀንስ፣ በሰከንድ ከሚላኩት ምስሎች ቁጥር ግን እንዲቀነስ አድርጌ ነበር። ድልድዩን እንዳለፍን አባባ ተቆጡኝ። «ፎቶ ነው የምትልኪልኝ? ጥፍርሽ ላይ ያለው ቀለም ሁሉ ይታየኛል፤ ምን እንዳልሽ ግን እንጃ!»

ከዚያ መጋዙ ሁለት ጣት የወሰደበትን ቀኝ እጃቸውን ካሜራው ላይ ደቀኑት። «ይቺን እጅ እያት። በሦስት ጣት ስንት ምልክት ይወጣል? ምንም። እህትሽ ግን አንድ ቀን ‹አልገባኝም› ብላኝ አታውቅም። ጣት አይደለም የምታነበው። አካሄዱን ነው።»

እውነታቸውን ነው። እኔ ባለሙያዋ ያላየሁትን አናጢው አባቴ አዩት። የቆመ እጅ፣ የፈለገ ቢጠራ፣ ምንም አይናገርም፤ የደበዘዘ እጅ ግን ካልቆመ ይናገራል። ከመጋዘኖቹ በፊት ወርጄ አጥር ሥር ቁጭ ብዬ አገላበጥኩት፤ ጥራቱ የፈለገውን ያህል ይውረድ፣ እንቅስቃሴው ብቻ አይቁም። ከሁለት ሰዓት በኋላ የመጣውን አውቶቡስ ያዝኩ። መጋዘኖቹን አለፍን። ኮረብታው ውስጥ ገባን። አባባ ጭጋግ ውስጥ እንደቆመ ሰው ሆኑ፤ ጢማቸው ከግድግዳው አይለይም፤ ግን እጃቸው ይሄዳል፣ አንዴም አልተደናቀፈ። «ምን እያልኩ ነው?» አሉኝ በእጃቸው። «የበሩን ማጠፊያ ዘይት ቀቢልኝ እያሉ ነው» አልኳቸው። «እሰይ!» ብለው በሦስት ጣታቸው ጠረጴዛውን ሲደልቁ አየሁ እንጂ አልሰማሁም። ድምፁ ቀርቶ ነበር። አለቀስኩ፣ አልዋሽሽም። አጠገቤ ያሉት ሴትዮ መሐረብ አቀበሉኝ፤ ክፉ ወሬ የሰማሁ መስሏቸው።

ቢሮ ተመልሼ ለአለቃዬ አሳየሁት። «ጥሩ ነው፤ ግን ድምፅ የማይፈልግ ተጠቃሚ ስንት ሰው ይሆናል ብለሽ ነው?» አለኝ። «እህቴ» አልኩት። አራት ዓመት ጎን ለጎን ስንሠራ እህቴ እንደማትሰማ አንድም ቀን አልነገርኩትም። «ለምን እስከ ዛሬ ሳትነግሪን?» አለኝ። አንቺም ብትጠይቂኝ፣ ደብቄሽ አይደለም፤ ግን አውጥቼም አልተናገርኩም። ለማንኛውም ተስማማ። ገጹ ላይ ሳይደበቅ፣ ከመደወያው አጠገብ «በእጅ እናወራለን» የሚል ምርጫ ገብቷል። ከትናንት ጀምሮ ለሁሉም ሰው ወጥቷል። አንቺ ስልክሽ ላይ አፑን ማደስ ብቻ ነው ያለብሽ። መንገዱን እስኪለምድ ሁለት ሦስት ቀን ታገሺው።

እዚህ ላይ ላበቃ ነበር። ግን የቀረ አለኝ።

የሄድሽ ዕለት መናኸሪያ ቆመን፣ ሻንጣሽ ተጭኖ፣ አባባ ፊታቸውን ወደ ዕቃ መጫኛው አዙረው በአፋቸው አንድ ነገር አሉ። አንቺ ከንፈራቸውን አላየሽም፤ «ምን አሉ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። «‹በርቺ› አሉሽ» አልኩሽ። በርቺ አላሉም። ያሉት «አሁን ቤቱ ጸጥ ሊል ነው» ነበር።

አንቺ አታውቂውም መቼም። እቤታችን ውስጥ ጫጫታ ማለት አንቺ ነበርሽ። በር ስትዘጊ ጎረቤት ይነቃል። ወንበር ስትጎትቺ፣ ድስት ስትከድኚ፣ ከሁሉም በላይ ስትስቂ፣ እኔና አባባ «መጣች» እንባባል ነበር። ካንቺ በኋላ አባባ ባዶ ቤት ውስጥ ሬዲዮ ከፍተው ይወጣሉ። ይህን ያልነገርኩሽ እንዳታለቅሺ ብዬ ነው፣ መኪናው ሊነሣ ነበር። ግን እሱ ሰበብ ነው። ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የማደርገው። ሐኪም ቤት፣ ትምህርት ቤት፣ የዘመድ ጨዋታ ላይ፣ ሰው አሥር ነገር ሲያወራ «ምንም አይደለም፣ በኋላ እነግርሻለሁ» ብዬ ሁለቱን ብቻ ነው የማደርስልሽ። የሚቀረውን የምወስነው እኔ ነበርኩ፤ አንቺን አንድ ቀን አልጠየቅኩሽም። ይቅር በዪኝ።

ትናንት አባባን «እንግዲህ ልጽፍላት ነው፤ ነይ ልበላት ወይስ ፈርሚ?» አልኳቸው። ስለ ውሉ ያውቃሉ፣ ነግሬያቸዋለሁ። «አንቺን ምን አገባሽ? ራሴ እነግራታለሁ» አሉ። «ምን ብለው?» አልኩ፤ ታውቂኛለሽ። «ራሴ አልኩሽ እኮ!»

ስለዚህ የምነግርሽ የለኝም። ዓርብ ወረቀቱ ፊትሽ ሲቀርብ ብትፈርሚም፣ ቦርሳሽን ይዘሽ ብትመጪም፣ የተሰበረ ምስል የወሰነልሽ አይሁን። ረቡዕ ጠዋት ሰርቪሱ ላይ ስትወጪ ደውዪላቸው። መነጽራቸውን አጥልቀው ይጠብቁሻል። እኔ እዚያው ነኝ፤ ስልኩን አስተካክዬላቸው ወደ ውጭ ወጥቼ በሩን እዘጋለሁ። በእጅ የሚወራ ወሬ በበር ቀዳዳ አይሰማም፤ በመስኮትም አላይም። ምን እንዳሉሽ አለማወቅ እንዴት እንደሚገድለኝ አንቺ ታውቂያለሽ።

አልጠይቅሽም።

ታላቅ እህትሽ